ዘጠና ዘጠኙ በጎች፦ ከምድር ውጭ ያለ ሕይወትና የክርስትና ትምህርት

የታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት ለኢትዮጵያ የሥነ ፈለክ ወዳጆች ልዩ ሳምንት ነበረ። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከ100 በላይ አገሮች ለሩቅ ከዋክብትና ለፕላኔቶቻቸው የመረጧቸውን ስሞች ይፋ አደረገ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ተነሥታ ምሕዋሯን ያዘች። የሳተላይቷ ወሬ አገር አዳረሰ፤ የአቦል ግን ብዙም ሳይሰማ ቀረ። ሾላ ገበያ ጀበናና ስኒ ደርድረው፣ ጥሬ ቡና በኪሎ እየሰፈሩ የሚውሉት ነጋዴዎች የመጀመሪያው ስኒ ስም ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ላለ ዓለም መሰጠቱን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ኮከቡ የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

አቦል ላይ ግን ቡና የሚያፈላ አይኖርም። ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ የጋዝ ግዙፍ ነው፤ የሚረገጥ መሬት ያለው አይመስልም። ቢሆንም ስሙ አንድ በር ከፍቷል። ሾላ አካባቢ ካሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር የሰማይ ነገር ሲነሣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ እዚያ አእምሮ ያለው ፍጡር ቢገኝ ክርስቶስ ለእሱም ሞቷል ወይ? ጥያቄው ከፊልም የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ ነው እላለሁ። ከፊሉን መልስ በሥነ ፍጥረት ትምህርት በልጅነታችን ተምረነዋል። የቀረው ከባዱ ክፍል ምሥጢረ ሥጋዌን የሚነካው ነው፤ እሱ ላይ ገና በወጉ አልሠራንበትም።

በመጀመሪያ ሳይንሱ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህም ላይ አገራችን ድርሻ አላት። ሕይወት ከምድር ውጭ ሊኖር ይችል እንደሆነ ተመራማሪዎች ከሚፈትኑባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት ጨውና አሲድ ያፈላል፤ መሬቱ ቢጫ፣ አረንጓዴና ዝገት መልክ ለብሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች ስለዚሁ ቦታ የሚቃረን ውጤት አወጡ። በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራው ቡድን በጨው ግግሩ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ሕዋሳትን አሻራ አገኘሁ አለ። በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራው በፈረንሳይ የሚሠራ ቡድን ደግሞ በጣም አሲዳማና በጣም ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕያው ነገር የለም ሲል ደመደመ። ሕዋስ የመሰለው ነገር የማዕድን ቅንጣት ሊሆን እንደሚችል፣ የተገኘውም የዘር ቅሪት ከውጭ የገባ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ።

ዳሎል ትልቅ ነገር አስተምሮናል። ለብዙ ዓመታት «ውኃን ተከተል፣ ሕይወትን ታገኛለህ» የሚል አካሄድ ነበር። ዳሎል ላይ ፈሳሽ ውኃ አለ፤ ምድራችን ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሕይወት የተሞላች ናት። እንዲህም ሆኖ የሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አለማግኘቱ በሩቅ ዓለም «ውኃ አለ» በተባለ ቁጥር «እንግዲያውስ ነዋሪ አለ» የሚለውን ሰባኪም ጋዜጠኛም ቆም ሊያደርግ ይገባል።

ሌላው ዜና በአጭሩ ይህ ነው። የስዊስ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት ማግኘታቸውን ካስታወቁ ወዲህ የታወቁት የሩቅ ፕላኔቶች ቁጥር በ2025 ከ6,000 አልፏል። በዚያው ዓመት ኬ2-18ቢ በተባለው 124 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ፕላኔት አየር ውስጥ፣ በምድር ላይ በአብዛኛው ከሕያዋን የሚወጣ ጋዝ ምልክት ታየ ተባለ፤ ሌሎች ባለሙያዎች ወዲያው ተከራከሩበት። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪም ማርስ ላይ የጥንት ደቂቅ ሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ነጠብጣብ ያለው ድንጋይ አግኝታለች። «ሊሆን የሚችል» የሚለው ቃል እስካሁን ከቦታው አልተነሣም። እስከ ዛሬ ከምድር ውጭ አንድም ሕያው ነገር አልተረጋገጠም።

ደቂቅ ሕይወት ቢገኝስ? እዚህ ላይ የእኛ ትምህርት ግልጽ መለያ አለው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ከሃያ ሁለቱ ፍጥረታት መካከል በደመ ነፍስ የሚኖሩት ከውኃም ከምድርም በእግዚአብሔር ቃል የወጡ ናቸው። የሰው ነፍስ ግን ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ናት፤ ትናገራለች፣ ታስባለች፣ አትሞትም። ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ ያላት በመሆኗ የሥላሴ ምሳሌ ትባላለች። ማርስ ላይ ባክቴሪያ ቢገኝ የዕለተ ሐሙስ ሥራ ከምናስበው በላይ ሰፊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱም አይናወጥም። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሃይማኖት ፈረሰ የሚል ጩኸት የሚያሰሙ በሁለቱም ወገን አሉ፤ ሁለቱም ቸኩለዋል። ነገሩ የሚከብደው ነባቢት ነፍስ ያለችው፣ ሕግን አውቃ መጠበቅም መጣስም የምትችል ፍጥረት ስትመጣ ነው።

የምዕራቡ ክርስትና ይህን ጥያቄ የጀመረው ጠፈርን በማየት ሳይሆን የምድርን ሌላኛውን ገጽ በማሰብ ነው። አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው «የእግዚአብሔር ከተማ» ውስጥ ከእኛ በታች በምድር ሌላ ወገን ሰዎች ይኖራሉ የሚለውን አልተቀበለም፤ ከአዳም ወገን ማን ያንን ውቅያኖስ ተሻግሮ ይደርሳል ብሎ። በዚያው መጽሐፍ ግን መልኩ የቱንም ያህል እንግዳ ይሁን፣ አእምሮ ያለውና ሟች የሆነ ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ ነው ብሎ ጽፏል። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ መርከቦች ያንን ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ በማዶም ሕዝብ ተገኘ። ጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1537 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን፣ ነጻነታቸውም ሊገፈፍ እንደማይገባ ለማወጅ ተገደደ። አዋጁ ያስፈለገው ብዙዎች በድርጊታቸው ስለ ካዱት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ በሃያኛው መቶ ዓመት ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረታት ሲጽፍ ከሁሉ ይልቅ የፈራው ይህንኑ ነበር፦ ደካማ ሆነው ካገኘናቸው የምንራራላቸው አይመስልም። ቅኝ ሊገዛት የመጣውን ጦር ዓድዋ ላይ ለመለሰች አገር አንባቢ ይህ ስጋት ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ ሰማዩ ጥያቄ ስንመለስ፣ የፓሪሱ ኤጲስ ቆጶስ ኤቲየን ታምፒዬ እ.ኤ.አ. በ1277 ካወገዛቸው 219 አንቀጾች አንዱ «እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን መፍጠር አይችልም» የሚል ነበር። ታምፒዬ ብዙ ዓለማት አሉ አላለም፤ አይችልም ማለት ግን ስሕተት ነው አለ። በአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ጊዮም ዘቮሪሎን ጥያቄውን በቀጥታ ጠየቀ፦ ክርስቶስ በዚህ ምድር በመሞቱ የሌላ ዓለም ነዋሪዎችን ሊያድን ይችላልን? ይችላል የሚል መልስም ሰጠ። የሉተር የቅርብ ወዳጅ ፊልጶስ ሜላንክቶን ግን እ.ኤ.አ. በ1550 በሩን ዘጋ፤ ልጁ አንድ ነው፣ አንድ ጊዜ ሞቷል፣ አንድ ጊዜ ተነሥቷል፣ ስለዚህ ሌሎች ዓለማትን ማሰብ አይገባም አለ።

ከሁሉ የጠነከረውን ክስ ያነሣው የሃይማኖት ወዳጅ ያልነበረው ቶማስ ፔይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 መታተም በጀመረው መጽሐፉ፣ ሚሊዮን ዓለማት በእግዚአብሔር ጥበቃ ሥር ካሉ እሱ ሁሉንም ትቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንዲት ፍሬ ስለበሉ ወደዚህች ምድር መጥቶ ሞተ ማለት እንዴት ይታመናል ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የመረረ ነው፤ ግን ሐቀኛ ነው፤ ዛሬም በየስልኩ የሚዘዋወረው ክርክር አብዛኛው የእሱ ልጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ቶማስ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተማቸው ስብከቶቹ መልስ ሲሰጥ፣ አንዱን ስብከት ያቆመው ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ነው፤ የጠፋው በግ ታሪክ ላይ። ከ191 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008፣ የቫቲካን ሥነ ፈለክ ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት አርጀንቲናዊው ኢየሱሳዊ አባ ሆሴ ጋብሪኤል ፉኔስ ለቫቲካኑ ጋዜጣ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ወደዚያው ምዕራፍ ተመለሱ። ፍጥረት ሁሉ መቶ በግ ቢሆን የጠፋነው አንዱ በግ እኛ ልንሆን እንችላለን፤ ሌሎቹ ከፈጣሪያቸው ጋር በወዳጅነት ኖረው ከሆነ ቤዛ አያሻቸውም አሉ። ቃለ መጠይቁ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆነ፤ አዲስ ነገር የሰማ የመሰለው ብዙ ነበር።

ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። ከሾላ ገበያ ብዙም በማይርቀው የካ ሚካኤል አጸድ ሥርም ይሁን በጎጃም ጉባኤ ቤት፣ ሥነ ፍጥረት የተማረ ልጅ ይህን ያውቀዋል። በመጽሐፈ አክሲማሮስና በሊቃውንቱ ትምህርት እግዚአብሔር መላእክትን በመቶ ነገድ ፈጥሮ በኢዮር፣ በራማና በኤረር አሰፈራቸው፤ የሳጥናኤል ነገድ በትዕቢቱ ወደቀ፤ ዘጠና ዘጠኙ ጸኑ፤ አዳምም በወደቀው ፈንታ መቶኛ ሆኖ ተፈጠረ። ስለዚህ በአንድምታ ትርጓሜ መልካሙ እረኛ በዱር የተዋቸው ዘጠና ዘጠኙ በጎች ነገደ መላእክት ናቸው፤ ሊፈልገው የወረደለት አንዱ በግ አዳም ነው። ትርጓሜው ከጥንት አበው የወረደ ነው፤ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ይገኛል። በእኛ ዘንድ ያለው ልዩነት የሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አለመቀመጡ ነው፤ የሕዝብ እውቀት ሆኗል። ሊቅ ያልሆነች እናት እንኳ ስለ መቶኛው ነገድ ትነግርሃለች።

ይህ ትምህርት ለፔይን ክስ የሚሰጠው መልስ አጥጋቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ፔይን ክርስትና ምድርን የፍጥረት ሁሉ እምብርት፣ ሰውን የእግዚአብሔር ብቸኛ ጉዳይ ያደረገ መስሎት ነበር። የእኛ ሊቃውንት ግን ሰውን የሚያዩት በቁጥር ከሚበልጡት፣ ካልወደቁት፣ ያለ ማቋረጥ ከሚያመሰግኑት ማኅበር መካከል የጠፋ አንድ አድርገው ነው። እግዚአብሔር ወደ ምድር መምጣቱ የምድርን ታላቅነት አያሳይም፤ የሚያሳየው መጥፋታችንን ነው። ሌሎች ስለ መኖራቸው የእረኛው ፍለጋ አይጎድልም፤ ይልቁንም ዘጠና ዘጠኝ ባይኖሩ የአንዱ መፈለግ ይህን ያህል ባላስደነቀም ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን ግድ ነው፤ እዚህ ላይ አንዳንድ ሰባክያን ሲሳሳቱ ሰምቻለሁ። መላእክት ሥጋ የላቸውም፤ የሌላ ፕላኔት ሰዎች አይደሉም። ኢዮር፣ ራማና ኤረር ደግሞ ፕላኔቶች አይደሉም፤ በእንጦጦ ተራራ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ሊያዩዋቸው አይችሉም። «ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረታት ቀድማ ጽፋለች» ማለት አይቻልም። ከትምህርቱ የምንወስደው አካሄዱን ነው፤ አእምሮ ያለው ፍጡር እኛ ብቻ እንዳልሆንን፣ ያልወደቀ ፍጡር ቤዛ እንደማይሻ፣ የሥጋዌ ምክንያት ፍቅርና የሰው መጥፋት እንደሆነ።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ስሕተት በመጽሐፈ ሄኖክ ላይ የሚሠራው ነው። ይህን መጽሐፍ በሙሉ ያቆየችው ግእዝ ናት፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ ገባ፤ በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። ከ1968 ወዲህ፣ ኤሪክ ፎን ዴኒከን የጥንት አማልክት የጠፈር መንገደኞች ነበሩ የሚል መጽሐፍ ካወጣ ጀምሮ፣ በመጽሐፈ ሄኖክ ከሰማይ ወረዱ የሚባሉት ትጉሃን በመንኮራኩር የመጡ እንግዶች ናቸው የሚል ወሬ ዓለምን ዞሮ አሁን በአማርኛ ቪዲዮ ወደ እኛ ተመልሷል። መጽሐፉን ጠብቃ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትል የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የእኛ መተርጉማን ትጉሃንም፣ የእግዚአብሔር ልጆችም የተባሉት ከደብር ቅዱስ ወርደው ከቃየል ልጆች ጋር የተቀላቀሉ ደቂቀ ሴት ናቸው ይላሉ፤ ሥጋ የሌለው መልአክ አይወልድምና። ሄኖክ ሰማይን ያያል፤ መሪው ዑራኤል የፀሐይንና የጨረቃን በሮች፣ የ364 ቀን ዓመትን ያሳየዋል። የሚያየው ሥርዓት ነው። የፈጣሪን ሥርዓት በብርሃናት መውጫና መግቢያ የሚያነብ መጽሐፍን የመንኮራኩር ታሪክ ማድረግ መጽሐፉንም አባቶቻችንንም ማሳነስ ነው።

በወንጌላውያን ወገን ከሜላንክቶን የወረደው ጥንቃቄ ዛሬም አለ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ዝም ካለ እኛም ዝም እንበል። ይህ አቋም ክብር አለው። ከእሱ ጎን ግን በሰማይ ታየ የሚባለውን የማይታወቅ በራሪ ነገር ሁሉ የአጋንንት ማታለያ ነው የሚል ስብከት ከአሜሪካ መጥቶ እዚህም ተደማጭ ሆኗል። አጋንንት ያታልላሉ የሚለውን አልክድም። ያልተመረመረን ነገር ሁሉ ለእነሱ መስጠት ግን እግዚአብሔር ሊፈጥር በሚችለው ላይ ወሰን ማበጀት ነው፤ ታምፒዬ ከ700 ዓመት በላይ በፊት ያወገዘውም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ። ዘጠና ዘጠኙ ያልወደቁ ከሆኑ መልሱ ቀላል ነው። የወደቀ ሌላ ቢኖርስ? ሥጋ ለብሶ፣ ነባቢት ነፍስ ኖሮት፣ ከአዳም ያልተወለደ፣ ግን እንደ አዳም የበደለ ቢኖር?

የምዕራቡ ሊቃውንት አንዱ መልስ ቃል በሌሎች ዓለማት ደግሞ ሥጋ ሊለብስ ይችላል የሚል ነው። መሠረቱ ቶማስ አኲናስ ነው፤ በአስራ ሦስተኛው መቶ ዓመት መለኮታዊ አካል ከያዘው የሰው ባሕርይ ሌላ ተጨማሪ የሰው ባሕርይ ሊይዝ ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆ ኃይሉ ወሰን የለውምና ይችላል አለ። በዘመናችን በርካታ የካቶሊክና የአንግሊካን ጸሐፊዎች ይህን ወደ ሌሎች ዓለማት አራዝመውታል፤ ካምብሪጅ ያስተምር የነበረው አንድሪው ዴቪሰን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መጽሐፍ ጉዳዩን በሰፊው መርምሮታል።

በተዋሕዶ ትምህርት ይህ መልስ ቀላል አይሆንም፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ቦሩ ሜዳ መሄድ ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንትን ሰብስበው የረጅም ዘመን ክርክር ዘጉ። ጸጋዎች የተባሉት ወገኖች ሦስት ልደት ይሉ ነበር፤ ጉባኤው ግን የወልድ ልደት ሁለት ነው ብሎ አጸና፦ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት። ክርክሩ ስለ ሌላ ዓለም አልነበረም፤ የጸጋዎች ሦስተኛ ልደት በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ስለሚሆን ክብር ነበር። ነገር ግን ያ ጉባኤ የተወልን ቋንቋ የዛሬውን ጥያቄ በትክክል ይመዝነዋል። ቃል በሌላ ዓለም ሥጋ ለበሰ ማለት ሌላ ልደት፣ ሌላ እናት፣ ሌላ ድኅረ ዓለም ማለት ነው። ሁለት ልደት የሚል ሃይማኖት ሦስተኛውን ሲሰማ ዝም ሊል አይችልም።

ከዚህም ይጠልቃል። በአኲናስ አስተሳሰብ አንዱ አካል ሁለት ባሕርያትን ይዞ ስለሚኖር ሦስተኛ መጨመር ቢያንስ በሐሳብ ይቻላል። በቄርሎስ ትምህርት ላይ በቆመችው ቤተ ክርስቲያናችን ግን ቃልና ሥጋ ያለ መለየት፣ ያለ መቀላቀል አንድ አካል አንድ ባሕርይ ሆነዋል፤ ተዋሕዶው በዕርገትም አልተፈታም፤ የማርያም ልጅ በአብ ቀኝ ያለው በዚያው ሥጋ ነው። ይህ አንድ የሆነ ባሕርይ ደግሞ ሌላ ሥጋ ተዋሐደ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልናገረው የምችል አይመስለኝም። እንደ እኔ እምነት የተዋሕዶ መልስ አንድ ሥጋዌ የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ከሆነ ደግሞ እስከ የት ይደርሳል? የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ መርህ እዚህ ላይ ያስጨንቃል፤ ቃል ያልተዋሐደው አልዳነም ይላል። የዕብራውያን መልእክትም የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን አይደለም ይላል። ከአዳም ያልተወለደ ፍጡር እንግዲህ ውጭ ቀረ?

መልስ የሚሆን ነገር የማገኘው ደግሞ በዚያው በሥነ ፍጥረት ትምህርት ነው። አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ተሠራ ይላሉ፤ ሌላውም ግዙፍ ፍጥረት የተሠራው ከእነዚሁ ነው። ቃል ሥጋን ሲዋሐድ የፍጥረትን ሁሉ መሥሪያ ተዋሐደ ማለት ነው። የዘመኑ ሳይንስ በሌላ ቋንቋ የሚለው ከዚህ አይርቅም። የደማችን ብረት፣ የአጥንታችን ካልሲየም፣ የሥጋችን ካርቦን በጥንት ከዋክብት ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ የሩቅ ኮከብ ብርሃን ሲተነተን የሚገኙትም እነዚያው ንጥረ ነገሮች ናቸው። አቦል የሚዞረው ኮከብና ሾላ ላይ ቡና የምትቆላ ሴት እጅ ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ናቸው። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በመስቀሉ ደም በምድርም በሰማያትም ያለው ሁሉ ታረቀ ያለውን በዚህ ዓይን ሳነበው ቃሉ ይሰፋል። የዴንማርኩ የሥነ መለኮት መምህር ኒልስ ግሬገርሰን እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የሥጋዌ ጥልቀት ቁስ አካልን ሁሉ ይነካል ሲል ያስተማረው ብዙ ተከታይ አግኝቷል፤ የእኛ ተማሪዎች ወደዚያው ሐሳብ በአራቱ ባሕርያት መንገድ ሊደርሱ ይችላሉ።

ይህ ጥያቄውን ሁሉ አይዘጋም። በባሕርያት መዛመድ የትንሣኤን ተስፋ ለግዙፉ ዓለም ሊሰጥ ይችላል፤ በነፍስ የበደለን ፍጡር ለንስሐ የሚያበቃው ግን የወንጌል ቃል ነው፤ ቃሉ በምን መንገድ፣ በማን አፍ ይደርሰዋል? ሐዋርያት ወደ ዓለም ሁሉ ሲላኩ የተሰጣቸው ትእዛዝ ለፍጥረት ሁሉ ስበኩ የሚል ነበር። ያንን ትእዛዝ ከምድር ወሰን አሻግሮ ማንበብ ይቻል እንደሆነ መምህራን ሊከራከሩበት የሚገባ ነው። ቅድስት ሥላሴም ሆነ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ፣ የካቶሊክ ተቋማትም ጭምር፣ ለዚህ የሚሆኑ ሊቃውንት አሏቸው።

የቫቲካን ተቋም አባል የነበሩት ወንድም ጋይ ኮንሶልማኞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ያነሡት ጥያቄ፣ ከሌላ ዓለም የመጣን ታጠምቃለህ ወይ የሚለው፣ በዚያው ዓመት በጳጳስ ፍራንቸስኮ ስብከት ውስጥም ተነሥቶ ነበር፤ ጳጳሱ ከማርስ መጥቶ ጥምቀትን የሚለምን ቢኖር እኛ ማን ነን የምንከለክል የሚል መንፈስ ያለው ቃል ተናግረዋል። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚጠመቁት አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከኩፋሌ ትምህርት ጋር ተያይዞ ነው። ሥርዓታችን አዳም ገነት የገባበትን ቀን ተሸክሟል። ጥምቀቱ የአዳም ልጆች ወደ ወጡበት ገነት የሚመለሱበት በር ከሆነ፣ ከዚያ ገነት ያልወጣን ፍጡር ወደ በሩ የመጎተት ግዴታ የለብንም፤ መጥቶ ቢለምን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ከማን ተወለደ የሚለው ሳይሆን ወድቀሃል ወይ፣ ታምናለህ ወይ የሚለው መሆን አለበት እላለሁ።